ማስክ ለመሥራት የትኛው ይሻላል? ላይትሩም፣ ፎቶሾፕ፣ ጊምፕ ወይስ አፊኒቲ

ከእነዚህ የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሞች በአንዱ ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ፎቶ አስቡ። ሙሽራዋ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ስስ ነጠላ ተከናንባ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ልብሷ ቦግ ብሏል፤ ፊቷ ግን ጨልሟል። ሙሉውን ፎቶ ብታበሩት ፊቷ ይወጣል፣ የሸማው ክር ግን በብርሃን ተውጦ ይጠፋል። ፊቷን ብቻ ለይቶ ለማብራት ነው ማስክ፣ ማለትም የፎቶውን አንድ ክፍል ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ ወይም የሚሸፍን መሸፈኛ፣ የሚያስፈልገው።

ሥራችሁ ከዚህ የማያልፍ ከሆነ ላይትሩም ይበቃችኋል፤ ከሌሎቹም ይፈጥናል። ከ2021 ወዲህ ሰውን ወይም ሰማይን በአንድ ጠቅታ ይለያል። በኋላም የፊት ቆዳን፣ ፀጉርንና ልብስን ለየብቻ መምረጥ ጀምሯል። በመቶዎች የሚቆጠር የሠርግ ፎቶ ለሚጠብቀው ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም እንደ ፎቶሾፕ በሌየር፣ ማለትም በተደራረቡ የምስል ንብርብሮች፣ አይሠራም፤ ሙሽራዋን ቆርጣችሁ ሌላ ዳራ ላይ ልታቆሟት አትችሉም።

ዳራ መቀየር የዕለት ሥራችሁ ከሆነ ምርጫዬ ያለ ማመንታት ፎቶሾፕ ነው። ምክንያቴ ነጠላው ነው። በማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይሸፍናል፣ ግራጫ ደግሞ በከፊል ያሳልፋል፤ በ8 ቢት ማስክ ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ አለ። ስስ ነጠላ የሚፈልገው ይህን መካከለኛውን ግራጫ ነው። ዙሪያውን በነጭና በጥቁር ብቻ ከቆረጣችሁት እንደ ወረቀት ደርቆ ይታያል። በስሱ ብሩሽ ግራጫ ስትቀቡት ግን አዲሱ ዳራ በጨርቁ ውስጥ ፈካ ብሎ ይታያል፣ ነጠላውም ነጠላ ይሆናል። ብን ያለ ፀጉርን ለመለየትና በዳሩ ላይ የቀረውን የድሮ ዳራ ቀለም ለማጽዳትም ፎቶሾፕ የራሱ መሣሪያ አለው። ችግሩ ክፍያው ነው፤ በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነ በውጭ ምንዛሪ መክፈል የሚችል ካርድ ለሌለው ሰው ከባድ ነው። መክፈል ከቻላችሁ ላይትሩምንና ፎቶሾፕን አንድ ላይ የያዘውን የፎቶግራፍ ጥቅል ጠይቁ።

ጊምፕ በነፃ የሚገኝ ነው፤ የሌየር ማስኩም በአሠራሩ ከፎቶሾፕ አያንስም። ሰውን በአንድ ጠቅታ መለየት ግን የለም፤ እጃችሁ ይደክማል። ፊትን ለማብራት ሌየሩን አባዙ፣ የላይኛውን አብሩት፣ ጥቁር ማስክ አልብሱት፣ ከዚያ ፊቷን ብቻ በነጭ ቀቡ። ማስክን ገና ለሚማር ሰው ይህ ልፋት ከማንኛውም ትምህርት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አፊኒቲ ቀድሞ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት የሚገዛ ነበር፤ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ግን ባለቤቱ የሆነው የዲዛይን ኩባንያ ካንቫ በነፃ ይሰጠዋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አንዳንድ መሣሪያዎች ብቻ የካንቫን ክፍያ ይጠይቃሉ። የብርሃንና የቀለም ማስተካከያዎቹ ማስካቸውን ይዘው ስለሚመጡ ሥራው ንጹሕ ነው። በጀት ለሌለው ስቱዲዮ ከጊምፕ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው።

የትኛውንም ስትሞክሩ ቀላል ፎቶ አትምረጡ። ስስ ነጠላና ብን ያለ ፀጉር ያለበትን ውሰዱ፣ ዳራውን ጥቁር አረንጓዴ አድርጉት፣ ከዚያ ምስሉን 100 በመቶ አጉልታችሁ የድሮው ዳራ ቀለም ቀርቶ እንደሆነ የሰውየዋን ትከሻ ዳር ተመልከቱ።