ወገብ ለሁለተኛ ጊዜ ከመከፈቱ በፊት፦ የቱሉ ዲምቱዋ ክሊኒክ

ወገቡን አንዴ ተቀዶ ሕመሙ የተመለሰበት ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡልኝ። የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ ስላለች አንዲት ትንሽ የወገብና የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው። ስሟን የተውኩት ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው፤ የሰፈሩን ባጃጆች ብትጠይቁ ያደርሷችኋል። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣታለሁ። አንዱን ያስቀነሰኝ የሕንፃው መወጣጫ ደረጃ ነው፣ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

ታካሚው ባለቤቴ ነው። የሲኖ ሹፌር ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ አሸዋና ጠጠር ሲያመላልስ የኖረ። በአከርካሪ አጥንቶቹ መሀል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቩን ተጫነውና መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ተደረገ። መጀመሪያ ላይ እግሩ ቀለለው፣ ወደ ሥራም ተመለሰ። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ያ ከቂጡ ጀምሮ በጭኑ ጎን እስከ አውራ ጣቱ የሚወርደው ሕመም ቀስ በቀስ መጣ። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ቀን መቀመጥ የለም።

ወደዚያው ሆስፒታል ስንመለስ የኤምአርአዩን ፊልም ወደ መብራቱ አንስተው አዩና የወገቡን አጥንቶች የሚያስር ብሎን መግባት አለበት፣ ገንዘብ አዘጋጁ ተባልን። በቃ። የመጀመሪያው ለምን እንዳልሠራ አልተነገረንም፣ ብሎኑ ምኑን እንደሚያስተካክልም አልተነገረንም። እኔ ስጠይቅ ሌላ ታካሚ ተጠራ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም የተነገረን ዋጋ የቤታችንን ኑሮ ከሥሩ የሚነቅል ነበር፣ እቁቡን ወስደን፣ ከዘመድ ተበድረን፣ የቀረውን ደግሞ እቃ ሸጠን ልንሞላው ነው የተነሳነው።

ምክር ደግሞ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አማቴ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይግባ አሉ። ታናሽ ወንድሙ ህንድ ካልሄደ አይድንም አለ። ጎረቤታችን የታወቀ ወጌሻ አለ ብላ ስልክ ሰጠችን። ሁሉም ስለሚወዱት ነው የሚናገሩት፣ ግን አንዱም ሕመሙ ከምን እንደመጣ አያውቅም። እኛም አናውቅም ነበር።

ወደዚህች ክሊኒክ የላከን የባለቤቴ የሥራ ጓደኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የአከርካሪ ሐኪም ይመጣል፣ በሌሎቹ ቀናት ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው ያሉት። ካርድ አውጥተን ገባን። ሐኪሙ ፊልሙን ከማየቱ በፊት ሰውየውን አየ። ልብሱን አስወልቆ ጠባሳውን ዳሰሰ፣ በተረከዙና በእግር ጣቱ አስኬደው፣ በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ አነሳው፣ የዳሌውን መገጣጠሚያ ሳይቀር አሽከርክሮ አየ። የዳሌ ሕመም የወገብ እየመሰለ ሰው እንደሚያሳስት ያኔ ነው የሰማሁት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደህና የሆኑበት ጊዜ ነበር? ነው ወይስ አንድ ቀንም አልተሻለዎትም?»

ለምን ይህን እንደጠየቀ ስጠይቀው ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፤ የሄድንበትን መንገድ ሁሉ ያካካሰልኝ ይህ ነው። ሕመሙ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድም ቀን ካልቀለለ፣ ከመጀመሪያውም የተቀደደው የሕመሙ ምንጭ ላይሆን ይችላል፤ ቦታው ተስቶ፣ ወይም ነርቩ የሚወጣበት ቀዳዳ ጠቦ ሳለ ሳይነካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከነቃ ጀምሮ ድሮ ያልነበረ ሕመም ከመጣ ነርቩ ራሱ ተነክቶ፣ ብሎን የገባለት ሰው ከሆነ ደግሞ ብሎኑ ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከትኩሳት ጋር የሚብስ ከሆነ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ለወራት ደህና ሆኖ በድንገት ከተመለሰ ዲስኩ እዚያው ቦታ እንደገና ወጥቶ ይሆናል። ቀስ እያለ ከተመለሰ ደግሞ ነርቩን የከበበ ጠባሳም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ሰው «ወገቤን» ብሎ ነው የሚመጣው፣ ግን እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። አንዳንዶቹ መቀደድ አለባቸው። አንዳንዶቹን ቢላዋ ያብሳቸዋል።

ቀጥሎ «ሕመምዎ መቶ ብር ቢሆን ስንቱን ለእግር፣ ስንቱን ለወገብ ይሰጣሉ?» አለው። ባለቤቴ አሰብ አድርጎ እኩል እኩል አለ። ነርቭን ከጫና የሚያላቅቅ ቀዶ ጥገና ብዙ ጊዜ የሚረዳው ለእግሩ ሕመም ነው፣ ለወገቡ ግን ተስፋው ያነሰ ነው። ይህን የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ሳይደረግ የነገረን ሰው አልነበረም።

ምርመራ አዘዘ። ክሊኒኳ ኤምአርአይ የላትም፣ ወደ ከተማ መሄድ ግድ ነው። ይኼኛው ኤምአርአይ ግን ጋዶሊኒየም የሚባል መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ ነው፣ ከዚያ በፊት ኩላሊት በደም ምርመራ ይታያል። ጠባሳ የደም ሥር ስላለው መድኃኒቱን ይወስድና ፊልሙ ላይ ይበራል፣ የወጣ ዲስክ ግን አይበራም፣ ሁለቱ የሚለዩት በዚህ ነው። የቀድሞው ፊልማችን ያለ መድኃኒት የተነሳ ነበር። ሌላው ጎንበስ ብሎና ወደ ኋላ ተለጥጦ የሚነሳ ራጅ ነው፣ አጥንቶቹ ከቦታቸው ይንቀሳቀሱ እንደሆነ ለማየት። ኢንፌክሽን እንዳይኖር ደግሞ ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉ የደም ምርመራዎች። ከሁሉም በላይ አጥብቆ የጠየቀን የኦፕራሲዮኑን ጽሑፍ ነው፤ የትኛው አጥንት መሀል እንደተገባ፣ ምን ያህል አጥንት እንደተነሳ፣ ምን ችግር እንደገጠመ ቀዶ ሐኪሙ የሚጽፈውን። እኛ እጅ ያለው መውጫ ወረቀት ብቻ ነበር። ተመላልሰን፣ ለምነን፣ በመጨረሻ ኮፒ አገኘን። እናንተ ሆስፒታል ካላችሁ ሳትወጡ ጠይቁ፣ በኋላ ያስለቅሳል።

ውጤቱ ሲታይ የሚበራው ጠባሳ ሆነ። ዲስኩ ትንሽ ገፋ ብሏል፣ ነርቩን ግን አልደፈጠጠውም። አጥንቶቹ አይንቀሳቀሱም። ኢንፌክሽን የለም። ሐኪሙ ያለው ግልጽ ነው፦ ብሎን የሚገባው የሚንቀሳቀስ ወይም የተንሸራተተ አጥንት ሲኖር፣ ወይም ብዙ አጥንት መነሳት ሲኖርበት ነው፣ እዚህ ለብሎን የሚሆን ምክንያት አላየሁም። ጠባሳውንም ብንቆርጠው ሌላ ጠባሳ ይተካዋል። ደግሞ በተቀደደ ቦታ ተመልሶ መግባት ከመጀመሪያው ይከብዳል፣ ነርቩን የሸፈነው ስስ ሽፋን ከጠባሳው ጋር ስለሚጣበቅ የመቀደድ አደጋው ይጨምራል። በብሎን የታሰረ አጥንት ደግሞ ጫናውን ከላይና ከታች ላሉት ጎረቤቶቹ ስለሚያስተላልፍ ከዓመታት በኋላ እነሱም ሊያማቸው ይችላል። ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው አጥንቱ ራሱ ቶሎ አይያያዝም።

ግን ይህን አንብባችሁ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ክልክል ነው እንዳትሉ። ሐኪሙም አላለም። ዲስክ ከተነሳላቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ዲስኩ እዚያው እንደገና ይወጣል ተብሎ ይጠቀሳል፣ ለእነሱ ምንጩ በትክክል ከታወቀ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ጥሩ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። በሌላ በኩል በሕክምና ጽሑፎች ደጋግሞ የሚጠቀስ አኃዝ አለ፤ ምክንያቱ ሳይለይ በጅምላ ሲታይ የሁለተኛው ስኬት ከ30 በመቶ አይበልጥም፣ ሦስተኛው ወደ 15፣ አራተኛው ወደ 5 ይወርዳል የሚል። ለእኔ ሁለቱ አኃዞች አይጣሉም። ሰውየው የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሆነ ሳይታወቅ ቢላዋ መነሳት የለበትም ነው የሚሉኝ።

የህንዱንም ነገር አነሳንበት። አልተቆጣም። «መሄድ መብታችሁ ነው፣ ግን ፊልሙ እዚያም ያው ፊልም ነው» አለ። ከተመለሱ በኋላ ቁስሉን ማን ያያል፣ ችግር ቢመጣ ማን ጋ ይኬዳል፣ እሱንም አስቡ አለን። አገራችን ደግሞ ድሮ እንደነበረችው አይደለችም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ላይ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር 2006 ነው፣ ዛሬ እዚሁ የሠለጠነ ሌላ ሐኪም አግኝቶ ፊልሙን ማሳየት ይቻላል። ጠበሉንም አልከለከለም። ወጌሻውን ግን ከለከለ። የተቀደደ ወገብ ላይ ማንም እንዳይረግጥ፣ እንዳይጎትት፣ እንዳያሽ አለ።

ይህን አስተውሉ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳይታወቅ ካመለጠ፣ መቀመጫና ጭን መሀል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግሩ እየከዳ ነጠላ ጫማ እንኳ መያዝ ካቃተው ቅዳሜን አትጠብቁ፣ ክሊኒክም አትምጡ። ዕለቱን ነርቭ ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ትኩሳት ከከባድ የወገብ ሕመም ጋር ከመጣም እንደዚያው። ሐኪሙ ይህን በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠን፣ ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

አሁን ወደ ፊዚዮቴራፒው። ባለቤቴን የያዘችው ልጅ ወጣት ናት፣ ግን ሥራዋን ታውቃለች። መጀመሪያ ፍርሃቱን ነው ያስወጣችለት። ጎንበስ ካልኩ ይበጠሳል ብሎ ስለሚያምን ጫማውን የማስረው እኔ ነበርኩ። «ጋሼ፣ መተኛት ነው የሚጎዳዎት» አለችው። ከአልጋ እንዴት በጎን ዞሮ እንደሚነሳ፣ ጀሪካን ሰውነቱ ላይ አስጠግቶ እንዴት እንደሚያነሳ፣ ሆዱንና ቂጡን የሚያጠነክሩ እንቅስቃሴዎችን አንድ በአንድ አሳየችው። በየቀኑ እንዲራመድም አዘዘችው፣ በሜዳማ መንገድ፣ ከትንሽ ጀምሮ እየጨመረ። ማሽን ላይ አስተኝተው ብር የሚቆጥሩ ቦታዎች አይቻለሁ፣ እዚህ ማሽኑ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ዋናው ሥራ የሰውየው ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ተናዶ «ልጄ፣ ለዚህ ነው የከፈልነው?» ብሏታል። ሳቀችና አስቀጠለችው።

ለነርቭ ሕመም ፕሪጋባሊን ታዞለታል፣ ከትንሽ መጠን እየተጨመረ። መድኃኒቱ ስለሚያደነዝዝ ሐኪሙ ሰውነቱ እስኪለምደው መኪና እንዳይነዳ ከለከለው። ለሹፌር ቤት ይህ ከባድ ነው። ግን በግልጽ ተነግሮን ስለነበር አሠሪውን አስፈቅደን ተዘጋጀንበት።

ቅሬታዬን ልንገራችሁ። የወገብ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ! መወጣጫው ጠባብ ነው፣ መደገፊያውም ይነቃነቃል። ባለቤቴ የመጀመሪያ ቀን መሀል ላይ ቁጭ ብሎ ላቡን ሲጠርግ ማየት ልቤን ሰብሮታል። ምድር ላይ ክፍል ይከራዩ፣ ለኃላፊዋም ነግሬያታለሁ። መጠበቂያው ወንበር ዝቅ ያለ ፕላስቲክ ነው፣ ወገብ የሚያመው ሰው ተቀምጦ መነሳት አይችልም። ቅዳሜ ወረፋው ይንዛዛል፣ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ስለሚሰጥ አልፈርድበትም፣ ግን በሰዓት ቢጠሩ ምን አለበት። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው አይሠራም። ስልካቸው ከሰዓት በኋላ አይነሳም። ዋጋው ከመሀል ከተማው ይቀንሳል፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ።

ዛሬ ባለቤቴ ድኗል አልልም። ብርድ ሲሆን ያመዋል፣ ብዙ ከተቀመጠ እግሩ ይነዝረዋል። ግን ሌሊት ይተኛል። ጫማውን ራሱ ያስራል። ሲኖውን ትቶ የድርጅቱን አነስተኛ መኪና ይነዳል፣ በየመሀሉ ወርዶ እየተራመደ። ኦፕራሲዮኑን ለጊዜው ትተነዋል፣ ያሰባሰብነው ገንዘብም ባንክ ነው። እግሩ መስነፍ ከጀመረ ወይም ፊልሙ ከተለወጠ እንደገና ቁጭ ብለን እንወስናለን፣ ያኔ ምን ብለን እንደምንጠይቅ እናውቃለን።

ለመሄድ የምታስቡ ሐኪሙ ያለው ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ በጠዋት ደውላችሁ ወረፋ ያዙ። ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም የተነሱትን ፊልሞች ከነሲዲያቸው፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ባጃጁ ኮብልስቶኑን ትቶ በአስፋልቱ እንዲዞር ንገሩት፣ ትንሽ ያስጨምራችኋል ግን ለወገብ ይሻላል።