ባለሞላ አዲስ ወይስ የ30 ዓመት ብረት? ሐረጎን (ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት) የሚወጣ ብስክሌት ለምትፈልጉ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሃያ ሺህ ብር አካባቢ አለኝ፤ አዲስ ማውንቴን (የተራራ ብስክሌት) ልግዛ ወይስ እንዳንተ አሮጌ ፈልጌ ላሳድስ?» አራተኛው የአክስቴ ልጅ ስለሆነ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። በማግስቱ ደውሎ «እና የትኛውን ነበር ያልከኝ?» ሲለኝ ጽፌ መገላገል እንደሚሻለኝ ገባኝ።

መልሴን አልደብቅም፤ አሮጌውን ግዙ። ሁለቱንም ከኪሴ ከፍዬ ስለሞከርኳቸው ነው እንዲህ የምለው።

መጀመሪያ የገዛሁት አዲሱን ነበር። ቀይ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፤ ፍሬኑ ዲስክ ነው። 21,000 ብር ያሉኝን ተከራክሬ በ19,500 ወሰድኩት፤ 1,500 ብር በማስቀነሴም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ የፊት ሹካው ወደ ኋላ ዞሯል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሱቁ ውስጥ የገጣጠመው ሰው ሹካውን አዙሮ ነው የሰካው። ያኔ መልሼ ብሰጣቸው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ የግራው ፔዳል ክንድ መወላወል ጀመረ። አጥብቄ ነዳሁት፣ ላላ። ደግሜ አጠበቅኩት፣ ደግሞ ላላ። ክንዱ የሚሰካው በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ነው። የክንዱ ብረት ለስላሳ ከሆነ በላላ ቁጥር ቀዳዳው እየተፋቀ ይከብባል፤ አንዴ ከከበበ ደግሞ ዳዶውን የቱንም ያህል ብታጠብቁት አይይዝም። አንድ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ክንዱ ከነፔዳሉ ተነቅሎ ከጫማዬ ስር ቀረ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 አካባቢ። የቀረውን ከፍታ ብስክሌቱን እየገፋሁ ጨረስኩት። ስደርስ ጨልሟል፤ ጉሙ ወርዷል፤ የጭነት መኪናው ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋብኛል።

የኋላው ዘንግ ሁለት ጊዜ ጎበጠ። መጀመሪያ ኮብልስቶኑን አማሁ። ኋላ ኮምቦልቻ ያለው ብስክሌት ጠጋኜ ፈትቶ አሳየኝ። በርካሾቹ ላይ የኋላው ማርሽ ተጠምዝዞ የሚገባ ነው። ኩሽኔታው ከማርሹ በስተ ውስጥ ስለሚቀር፣ ከእሱ ውጭ ያለው ረጅም የዘንግ ጫፍ ያለ ደጋፊ ሸክም ይችላል፤ ስለዚህ ይጎብጣል። በተሻሉት ላይ ኩሽኔታው ወደ ውጭኛው ጫፍ ተጠግቶ ተሠርቷል። ሳትፈቱ መለየት ትችላላችሁ፤ የኋላውን ጎማ ያዙና ማርሹን ወደ ኋላ አሽከርክሩት። መሃል ላይ ያለው የመፍቻ ጥርስ አብሮ ከዞረ ጥሩው ነው፤ ባለበት ከቆመ ተጠምዝዞ የሚገባው ነው።

ማርሽ ቀያሪውም ተራውን ጠብቆ ተሰበረ፤ ምትክ ብዬ በ1,100 ብር የገዛሁት ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው። ካርቶኑ ላይ ሁላችንም የምናውቀው የጃፓን ስም ተጽፏል፣ ቀለሙም ያምራል። በሦስተኛው ሳምንት ሞላው ደክሞ ሰንሰለቱ እንደ ልብስ መስቀያ ገመድ ተንጠለጠለ። ካርቶኑን አውጥቼ ሳነበው ከስሙ መሃል አንድ ፊደል ተቀይራለች። እኔም አንብቤ ነው የገዛሁት፤ ሰው ማየት የሚፈልገውን ያነባል መሰለኝ።

ሒሳቡን ልዘርዝር፤ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚፈልገው እሱን ነው። መግዣ 19,500። የፔዳል ክንድ 1,400። ዘንግ ሁለት ጊዜ በ650፣ 1,300። ማርሽ ቀያሪ 1,100። የጎማ ሽቦ ማስተካከያ አራት ጊዜ በ150፣ 600። በ11ኛው ወር በ7,000 ብር ሸጥኩት። 16,900 ብር ጠፋ ማለት ነው፤ በወር 1,536 ብር ከሳንቲም። በዚያ ብር ሚኒባስ ብሳፈር ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ሐረጎን ቁጭ ብዬ እወጣ ነበር።

አሮጌውን ያገኘሁት ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዶሮ አድራበታለች። ቀለሙ ሰማያዊ፣ ሹካው ሞላ የሌለው፣ ጎማው የተሰነጣጠቀ ነበር። 14,000 አሉኝ። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ ከፔዳሉ ክንድ ጀርባ ሁለት የላቲን ፊደላት አገኘሁ፤ ፒ እና ኢ። የጃፓኑ ሺማኖ ዕቃ በዚያ ዘመን የተሠራበትን ጊዜ በሁለት ፊደል ይመዘግብ ነበር። የመጀመሪያው ዓመቱ ነው፤ ኤ ብሎ በፈረንጆች ከ1976 ይጀምራል (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ኤ ጥር አካባቢ ሆኖ ይቀጥላል። ቆጠርኩት፤ ሜይ 1991 ሆነ። ደርግ በወደቀበት ወር የተሠራ ክንድ ነው፤ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ግን ዛሬም ጥርት ያለ ነው። ፊቴን አጨፍግጌ 11,500 ላይ አቆምኩት። እንዲህ ያለ ፊደል በእጄ ካለፉት አስመስለው ከተሠሩት ዕቃዎች በአንዱም ላይ አላየሁም፤ ስለዚህ ስትገዙ ጨርቅ ያዙና ጀርባውን ጥረጉ።

ማደሱ ይህን ያህል ፈጀ፤ ሁለት ጎማ በ1,800 ሒሳብ 3,600፣ ሁለት ካላማዳሪያ 900፣ ሰንሰለት 850፣ ካቦና ሽፋኑ 600፣ የፍሬን ጎማ ለፊትና ለኋላ 500፣ የኩሽኔታ ጥይትና ግራሶ 350፣ የእጅ ዋጋ 700። ድምሩ 7,500። ከመግዣው ጋር 19,000 ብር። ልብ በሉ፤ ከአዲሱ ያነሰው በ500 ብር ብቻ ነው። «አሮጌ ርካሽ ነው» የሚላችሁን አትመኑ፤ በመጀመሪያው ቀን ርካሽ አይደለም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በ14 ወር ውስጥ አንድ ጥንድ የፍሬን ጎማ በ250 እና አንድ ካላማዳሪያ በ450 ለወጥኩ፤ 700 ብር። ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ20,000 ሽጥልኝ ብሎኝ ነበር።

ከሥራው ሁሉ የከበደው የኮርቻው እግር ነው። እግሩ አሉሚኒየም፣ ቴላዮው (የብስክሌቱ ዋና አካል) ብረት ነው፤ ሁለቱ ለዓመታት እርጥበት ላይ ከተቀመጡ ተናክሰው አንድ ይሆናሉ። ጠጋኙ «እሳት ላሳየው?» ሲለኝ «ቆይ ጋሼ፣ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ያብጣል» አልኩት። ሦስት ቀን ዘልቆ የሚገባ ዘይት እያንጠባጠብን አሳደርነው። በአራተኛው ቀን ብስክሌቱን ገልብጠን የኮርቻውን እግር ሞርሳ ውስጥ አስገባንና ቴላዮውን ራሱን እንደ መሪ ይዘን ለሁለት ዞርን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ እንደ ዛገ በር ረጅም ጩኸት አሰማ፤ ከቀዳዳው ነጭ ዱቄት ፈሰሰ። ጠጋኙ ላቡን ጠርጎ «ይህ እንኳን ብስክሌት ነው፤ ያ ያመጣህልኝ ቀዩ የቆርቆሮ ሥራ ነበር» አለኝ። ስትመልሱት ግራሶ ቀቡት፤ ያለ ግራሶ ከመለሳችሁት ለሚቀጥለው ባለቤት ይህንኑ መከራ ታወርሱታላችሁ።

እግሩ ሲወጣ ላዩ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቡ፤ ውፍረቱ በሚሊሜትር ነው። 26.8፣ 27 ወይም 27.2 ካለ የቴላዮው ቱቦ ግድግዳ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ምናልባትም ክሮሞሊ፣ ማለትም ክሮምና ሞሊብዲነም የገባበት ብረት። 25.4 ካለ ብዙውን ጊዜ ወፍራምና ከባድ ነው። ማግኔት ብረትን ከአሉሚኒየም ይለያል እንጂ ክሮሞሊን ከተራ ብረት አይለይም። ከመሪው ስር ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ሆድ ላይ ጥፍራችሁን አሂዱ። ቀለሙ እንደ ማዕበል ከተጨማደደ ከፊት ተጋጭቷል፤ በ3,000 ብር ቢሰጧችሁም ተዉት። ሌላው ሁሉ ይጠገናል። የኔ የኋላ ማርሽ ቀያሪ መስቀያ ጎብጦ ነበር፤ ብረት ስለሆነ በቁልፍ ተቃንቶ ተመለሰ። ብየዳ ካስፈለገ ግን ለመስኮት ፍርግርግ ሠሪ አትስጡት፤ የኤሌክትሪክ ብየዳ ቀጭኑን ቱቦ ይበሳዋል። በጋዝ እሳት፣ በነሐስ የሚበይድ ሰው ፈልጉ።

የአሮጌውን ጉድለትም ልንገራችሁ፤ ኋላ እንዳትራገሙኝ። የደሴ ኮብልስቶን ላይ እጅ ይደነዝዛል፤ ሞላ የለውም። ሁለቱን ክንዶች የሚያገናኘውን ሽቦ ካቦው ከመሃል የሚጎትተው የድሮ ፍሬን ዝናብ ላይ ደካማ ነው፤ ሐረጎን በክረምት ስትወርዱ ከመታጠፊያው ሃምሳ ሜትር አስቀድማችሁ ጀምሩ። ሺማኖ በ1996 ያወጣውን ረጅም ክንድ ፍሬን መግጠም ይቻላል፤ ያው ምሰሶ ላይ ይቀመጣል። በእጅ የሚሳበውን የፍሬን መያዣ አብራችሁ ካልለወጣችሁ ግን ካቦውን በቂ አይጎትተውም፤ እጃችሁ መሪው ላይ ደርሶ ብስክሌቱ አይቆምም። እኔ መያዣውን ሳልለውጥ ሞክሬ ጉልበቴ ላይ ጠባሳ አለኝ። ደግሞ አሮጌ ሆኖ ባለሞላ ሹካ ያለውን አትግዙ። በ1990ዎቹ ብዙዎቹ ሹካዎች ውስጥ ያለው እንደ ጎማ ያለ ትራስ ነው፤ ዛሬ ወይ ድንጋይ ሆኗል ወይ ፈራርሷል፤ መለዋወጫውን እዚህ የት ታገኙታላችሁ?

ጎማ ላይ ዕድለኞች ነን። የድሮው ማውንቴን ባለ 26 ኢንች ነው፤ ርካሾቹ አዲሶችም አብዛኞቹ ባለ 26 ስለሆኑ ጎማው አይጠፋም። ነገር ግን 26 ሁሉ አንድ አይደለም። ጎማው ጎን ላይ 559 የሚል ቁጥር ፈልጉ። 590 የሚል ካያችሁ ሌላ ልክ ነው፤ ቸርኬው ላይ አይይዝም። አንዱን 1,800 ብር ከፍዬ መልሼ ለመቀየር ሁለት ቀን ተሟግቻለሁ።

የዚህ ብስክሌት ዘር የመጣው እኛን ከመሰለ ዳገት ነው። በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን ውስጥ ወጣቶች ከባድ አሮጌ ብስክሌቶችን ከተራራ እያወረዱ ይወዳደሩ ነበር። ፍሬኑ የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ስለሆነ አንዴ ሲወርዱ ግራሶው ተቃጥሎ ይጨሳል፤ ፈትተው እንደገና ግራሶ ይሞሉታል። ቁልቁለቱንም በዚያው ስም ጠሩት፤ ሪፓክ፣ እንደገና ሙላ። ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ በ1981 ስታምፕጃምፐር የተባለውን ብስክሌት በብዛት አምርቶ ማውንቴንን ከጥቂት ሰዎች እጅ አወጣው። ሐረጎን ወርጄ የቸርኬውን ጠርዝ ስነካ እጄ ይፈጃል፤ እነዚያ ልጆች ትዝ ይሉኛል።

የቻይናው ፊኒክስ ብስክሌትስ የሚል አይጠፋም። ከኮምቦልቻ ሳትወጡ፣ ጤፍ ከወፍጮ ለማምጣት ከሆነ፣ አዎ፤ ማርሽ ስለሌለው ግን ደሴ ላይ ትገፉታላችሁ። አዲስ ብቻ ነው የምገዛው የሚልም ቢያንስ የኋላ ሞላ የሌለውን ይምረጥ፤ ዳገት ላይ እግራችሁ የሚሰጠውን ጉልበት ሞላው ይበላዋል።

የአክስቴ ልጅ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ አሮጌ አይቶ ፎቶ ልኮልኛል። አረንጓዴ ነው፤ ሹካው ሞላ የለውም፤ የኋላው ጎማ ግን በፎቶው ላይ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስላል። ባለቤቱ 13,000 ብሏል። ማግኔት፣ ጨርቅና የጥፍር ፍተሻውን እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ፤ ብሩንም 10,500 ብቻ ይዞ እንዲሄድ፣ የተረፈውን እቤት እንዲተው።