ምእመናንን ለማሳደግ፦ የመድረክ ትምህርት ወይስ የቅርብ ክትትል?

ኤፌሶን 4፥11-13 እረኞችና አስተማሪዎች የተሰጡት ቅዱሳን፣ ማለትም ምእመናን፣ ለአገልግሎት እንዲዘጋጁና ሙሉ ሰው ወደ መሆን እንዲደርሱ መሆኑን ይናገራል፤ መሪዎችን የሚያከራክረው መንገዱ ነው።

ጊዜና ጉልበት፦ የመድረክ ትምህርት በአንድ ዝግጅት መላውን ጉባኤ ይመግባል። የቅርብ ክትትል ግን ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ብቻ ወራት ይፈጃል።

ጥልቀት፦ ጳውሎስ በኤፌሶን፣ በጢራኖስ የትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓመት በየቀኑ አስተምሯል፤ ባልና ሚስቱ አቂላና ጵርስቅላ ደግሞ ሰባኪውን አጵሎስን ለብቻው ወደ እነርሱ ወስደው የጎደለውን አስረድተውታል። በጉባኤ መካከል «አሜን» የሚል ሰው፣ ከመሪው ጋር ለብቻው ሲቀመጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከወንድሜ ጋር ከተነጋገርን ዓመት አለፈን» ሊል ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ቁስል ስብከት ብቻውን አይደርስበትም።

አደጋ፦ መድረኩ ሰሚ ብቻ የሆኑ ሰዎችን ሊያፈራ፣ ክትትሉም ምእመኑን የመሪው ጥገኛ ሊያደርገው ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል የሚሆነውን ሌላ ሰው አያይምና።

ተስማሚነት፦ ብዙ አዲስ አማኞች ሲጨመሩ ወይም የስሕተት ትምህርት ሲስፋፋ የመድረክ ትምህርት ይቀድማል፤ ልቡ ለተሰበረ ወይም በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥2 መሠረት ሌሎችን ሊያስተምር ለሚዘጋጅ ሰው ግን የቅርብ ክትትል ይሻላል።