ተጎታች ጋሪ በኤሌክትሪክ ብስክሌት፦ ከወራት ሥራ በኋላ

ብስክሌቱ የኋላ ጎማው መሃል ላይ ባለ 48 ቮልት፣ 500 ዋት ሞተር አለው፤ ጋሪው ባለ ሁለት ጎማ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ግማሽ ኩንታል ጤፍና ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ጭኖ አስፋልቱን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄደዋል። ሞተሩ አይታማም። የሚታማው ማያያዣው ነው።

ከጋሪው ጋር የሚመጣው የማያያዣ ላሜራ ለተራ ብስክሌት አክስል የተበሳ ነው፤ የሞተሩ አክስል ግን 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀዳዳው መስፋት አለበት። ችግሩ እዚያ አያበቃም። ባለ 5 ሚሊ ላሜራ ሲገባ ለዳዶው የሚተርፈው የአክስሉ ጥርስ ያጥራል። ዳዶው በደንብ ካልነከሰ አክስሉ ቦታው ላይ ይዞርና ከውስጡ የሚወጣውን የሞተር ገመድ ጠምዝዞ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ማያያዣው ገመድ በሌለበት ጎን ይሁን፤ አክስሉን ከቴላዮው ጋር አንቆ የሚይዝ ብረት ደግሞ በሁለቱም ጎን ይታሰር። ዳዶው ከመጀመሪያው ከባድ ጭነት በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ ሁሌም ትንሽ ይላላል።

ጭነት ሲደረደር ከባዱ ከጋሪው አክስል ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። የመጎተቻው ጫፍ በእጅ ሲነሳ ከ5 እስከ 8 ኪሎ መክበድ አለበት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ቁልቁለት ላይ ጋሪው ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ያኔ ብስክሌቱንም ይዞት ይሄዳል።

ጋሪው ፍሬን የለውም። የብስክሌቱ የፍሬን ሸራ ቶሎ ያልቃል፤ መለዋወጫ ቀድሞ መግዛት ይሻላል። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ እየታጠፉ ፍሬን መያዝ ደግሞ አደጋ ነው፦ ጋሪው ከኋላ ገፍቶ ብስክሌቱን ያጣጥፈዋል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከመታጠፉ በፊት፣ ቀጥ ብሎ በመሄድ ላይ ሳሉ ነው።

ከከተማዋ ዳር እንዳለው የቤዛዊት ኮረብታ ዓይነት ዳገት ጭኖ መውጣት አይመከርም። ፍጥነቱ ከ10 በታች ሲወርድ ብዙው ኃይል ሙቀት ይሆናል፤ ሞተሩ ውስጥ ያሉት የናይለን ማርሽ ጥርሶችም ይበላሉ። የግድ ከሆነ በቀላል ማርሽ ፔዳሉን እየመቱ ማገዝ፤ የሞተሩ ሽፋን እጅ የማያስነካ ከሆነ ቆሞ ማቀዝቀዝ።

ባለ 15 አምፒር-ሰዓት ባትሪው ያለ ጭነት 45 ኪሎ ሜትር ግድም ያስኬዳል፤ ከጭነት ጋር ከ30 በላይ ባይጠብቁ ይሻላል። ክረምት ላይ የገመዱ መጋጠሚያ ወደ ታች ዞሮ ይታሰር፤ ውሃ የሚገባው በእሱ ነው።