«ዞር ዞር ብለው ይዩ» ያለችኝ ልጅ

አባቴ ጋቢው ሳስቶበት ነበር። ለፋሲካ አዲስ ላለብሰው ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳ ወጣሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሰፊ ነው፣ ዕቃውም ሙሉ ነው። ሻጯ ስልኳ ላይ ነበረች። ከላይ የተሰቀለውን ጋቢ ዋጋ ስጠይቃት ቀና እንኳ ሳትል «ልትገዢ ከሆነ ላውርደው» አለችኝ። ወጣሁ። ቀጥሎ ያለው ልጅ ደግሞ ክንዴን ሊይዘኝ ምንም አልቀረውም። «እናት ግቢ፣ ላንቺ ነው ያመጣሁት!» ይላል። እንዲህ ሲጎትቱኝ እኔ ቦርሳዬን ነው የማጠብቀው።

ሦስተኛዋ ሱቅ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ትላለች። ጠባብ ናት። ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ተነስታ በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። «ለማን ነው እትዬ?» አለች። ለአባቴ ነው አልኳት። «ረጅም ናቸው? ብርድ ይፈራሉ?» እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ጋቢ ዘረጋችልኝ፣ ሁለቱም አራት እጥፍ። አንዱ ድሩም ማጉም የፋብሪካ ክር ነው። የሌላው ማግ በእጅ የተፈተለ ነው። የሱቁ መብራት ደብዛዛ ስለሆነ ራሷ ወደ በሩ ወስዳ በፀሐይ አሳየችኝ። «ይንኩት። የእጅ ፈትል እኩል አይመጣም፣ አንዳንድ ቦታ ወፈር ይላል» አለችኝ። የፋብሪካውን «የእጅ ፈትል ነው» ብላ ብትሸጥልኝ አላውቅባትም ነበር።

ዋጋው ካሰብኩት በ600 ብር በለጠ። ማመንታቴን አይታ «ዞር ዞር ብለው ይዩ እትዬ፣ ካልሆነ ይመለሳሉ» አለች። ፊቷ አልተቀየረም። ዞርኩ። በ200 ብር የሚቀንስ አገኘሁ። ፈትል ነው ወይ ስለው ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» አለኝ። በቃ፣ ተመልሼ ከልጅቷ ገዛሁ። ያላሰብኩትን ነጠላም ለራሴ ጨመርኩ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ። ትንሽ ቀንሺልኝ ስላት ለሱቁ ባለቤት ደውላ ማስፈቀድ ነበረባት። ስልክ አልነሳ ብሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ገዢው ተመልሶ እንዲመጣ የምታደርገው እሷ ናት። የሱቁ ባለቤት መቶ ሁለት መቶ ብር የመቀነስ ነፃነት ቢሰጧት ደስ ይለኛል።

ማታ ጋቢውን ለአባቴ ሰጠሁት። ዐይኑ ደክሟል። ጫፉን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገና «ፈትል ነው» አለኝ።