ጥፋቱ የፓምፑ አልነበረም፦ ለአንድ የባሕር ዳር ኤሌትሪሺያን የቀረበ ምስጋና

ምእመናንንና ጎብኝዎችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት የማመላልስባት አንዲት ጀልባ አለችኝ። ከወለሏ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጣው ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እየደከመ በመምጣቱ፣ በመጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎም ፓምፑን ራሱን በአዲስ አስቀየርሁ፤ ውኃው ግን እንደ ቀድሞው እየቀጠነ ይወጣ ነበር። ሰው ጭኖ ሐይቁ መካከል ለሚገኝ ባለጀልባ ይህ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደሆነ የሥራ ባልደረቦቼ ያውቁታል።

በወዳጅ ጥቆማ ያገኘኋቸው ባለሙያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚኒባስና የአይሱዙ ኤሌትሪክ የሚሠሩ ሲሆን፣ አንዲት ብሎን ሳይፈቱ አስቀድመው ቴስተራቸውን አወጡ። ፓምፑ ቆሞ ሳለ ጫፉ ላይ የተለካው 12.6 ቮልት ነበር፤ ከእሳቸው በፊት ያየው ሠራተኛ «ሽቦው ደህና ነው» ያለኝም ይህንኑ ቁጥር አይቶ ነው። እሳቸው ግን ፓምፑን አስነሥተው እየሠራ ለኩት፦ ባትሪው ላይ 12.5፣ ፓምፑ ላይ 10.1። ኤሌትሪክ በማይሄድበት ሽቦ ላይ ቮልቴጅ እንደማይጠፋ፣ ስለዚህም ፓምፑ ቆሞ ሳለ የሚደረግ ልኬት ጉድለቱን እንደሚሸፍነው በትዕግሥት አስረዱኝ።

ከጠፋው 2.4 ቮልት ውስጥ ግማሽ ቮልት ያህሉ ዝጎ አረንጓዴ በለበሰ የኔጌቲቭ መጋጠሚያ ላይ፣ የተረፈው 1.9 ቮልት ደግሞ በሽቦው ውስጥ እንደሚቀር ለይተው አሳዩኝ። ባትሪው ከፊት፣ ፓምፑ ከኋላ በመሆኑ ርቀቱ 10 ሜትር ነው፤ ይሁን እንጂ ኤሌትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሚታሰበው 20 ሜትር ነው፤ ለዚህ ርዝመት ደግሞ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 8 አምፔር ለሚስብ ፓምፕ እጅግ ቀጭን ነበር። በቤታችን የ220 ቮልት መስመር ላይ 1.9 ቮልት ቢጎድል ማንም ልብ አይለውም፤ ከ12 ቮልት ላይ ሲጎድል ግን አንድ ስድስተኛው ገደማ ሄደ ማለት ነው።

ሽቦውን በሁለቱም መስመር በ10 ካሬ ሚሊሜትር ቀየሩት፤ የዛገውን መጋጠሚያ ቆርጠው ጥለው አዲስ ሠሩ፤ ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አስገቡ። ከዚያም እንደገና ፓምፑን አስነሥተው ሲለኩ 12.2 ቮልት አገኙ፤ ውኃውም ከጀልባዋ ጎን ርቆ ተወረወረ። ሦስተኛ ፓምፕ አስገዝተውኝ መሄድ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን የሽቦውን ዋጋና የአንድ ቀን የድካማቸውን ብቻ ተቀብለዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፓምፑ የደከመበት ባለጀልባም ሆነ የፊት መብራቱ የፈዘዘበት ባለመኪና ዕቃ ከመለወጡ በፊት እኚህን ሰው ቢያማክር እላለሁ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።