የፓሪስ ሜትሮና አዲሱ የቀለበት መስመር፦ የአንድ ተሳፋሪ ግምገማ

በፓሪስ መሀል ከተማ የትም ቢቆሙ የሜትሮ መግቢያ ፍለጋ ብዙ አያስኬድም። በጣቢያዎቹ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ፣ አንዱ ቢያልፍዎ ሌላው ከሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ ይጠብቅዎታል። ሁለቱን አጫጭር ቅጥያዎች ጨምሮ 16 መስመሮችና ከ300 በላይ ጣቢያዎች ያሉት ይህ አገልግሎት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ይሠራል፤ ዐርብና ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨምራል። በከተማዋ አሮጌ ወሰን ውስጥ ለሚንቀሳቀስ ሰው ከፍተኛ ውጤት እሰጠዋለሁ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከአንዱ ዳርቻ ወደ ሌላው ዳርቻ የሚሄደውን ሰው ሳስብ ነው።

ለምሳሌ ከክሬቴይ ተነሥቶ ቪልዥዊፍ መድረስ የሚፈልግን ሰው እንውሰድ። ሁለቱም ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚገኙ፣ በመካከላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ያሏቸው ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ሜትሮ አላቸው። ሆኖም አንዱ በ8ኛው፣ ሌላው በ7ኛው መስመር ጫፍ በኩል ስለሚገኙ፣ በሜትሮ ልሂድ ያለ ሰው ፓሪስ ገብቶ፣ መስመር ቀይሮ፣ መልሶ ይወጣል። ጎረቤቱን ለመጠየቅ በገበያ ዞሮ እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ዛሬ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያው መስመር እ.ኤ.አ. በጁላይ 1900 ሲከፈት፣ የከተማዋ አስተዳደር ዋነኛ ስጋት ትልልቆቹ የባቡር ኩባንያዎች ሜትሮውን ይጠቀልሉታል የሚል ነበር። በመሆኑም በመሐንዲሱ በፉልጀንስ ቢየንቬኑ መሪነት የተሠራው ዋሻ ሆን ተብሎ ጠበበ፤ ፉርጎዎቹ 2.40 ሜትር ብቻ ስፋት ስለነበራቸው የአገር አቋራጩ ባቡር ቢፈልግም ሊገባበት አይችልም። አገር አቋራጩ ግራውን ይዞ ሲሄድ ሜትሮው ቀኙን ይዞ ሄደ። አንድ መስመር የከተማዋን ወሰን ተሻግሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ፓሪስንና ዙሪያዋን የያዘው ክልል ሕዝብ ዛሬ ከ12 ሚሊዮን ሲበልጥ በፓሪስ ወሰን ውስጥ የሚኖረው ግን 2 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ በመሆኑ፣ የያኔው ጥንቃቄ ዋጋ እስካሁን የሚከፈለው በዳርቻው ነዋሪ ጊዜ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ የመጡት ፈጣን የክልል ባቡሮችም ቢሆኑ መንገዳቸው አብዛኛውን ጊዜ በመሀል ከተማ በኩል ነው።

ሌላው ትልቅ ድክመት የመውጫና የመውረጃ ደረጃው ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ከነባሮቹ መስመሮች ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመቻቸው 14ኛው ብቻ ነው። የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ወይም ከባድ ሻንጣ የያዘ ሰውም ቢሆን እንደ ሻትሌ ባሉ ትልልቅ መቀየሪያ ጣቢያዎች መስመር ለመለወጥ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያስብ አይከፋም፤ ካርታው ላይ አንድ ነጥብ መስሎ የሚታየው ጣቢያ ከመሬት በታች ረጅም የእግር መንገድ ነው። (እግረ መንገዴን፣ ጊዜ ያለው ሰው 6ኛውን መስመር ይያዝ። በፓሲና በቢር-አኬም ጣቢያዎች መካከል ባቡሩ ከመሬት በላይ ወጥቶ የሴን ወንዝን ሲሻገር የኤፌል ማማ በመስኮቱ ሙሉ በሙሉ ይታያል።)

እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው 14ኛው መስመር ሌላ ዓለም ነው። ሾፌር የለውም፤ የሾፌር ክፍል ስለሌለም ከመጀመሪያው ፉርጎ የፊት መስታወት ላይ ተደግፎ ዋሻው ሲመጣ ማየት ይቻላል። ቦታውን ለልጆች መልቀቅ ተገቢ ቢሆንም እኔ ሁልጊዜ እንደማልለቅ አምናለሁ። በጁን 2024 ወደ ሰሜን እስከ ሳን-ደኒ ፕሌዬል፣ ወደ ደቡብ እስከ ኦርሊ አውሮፕላን ማረፊያ በመራዘሙ፣ 28 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ40 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል።

በዚሁ መስመር ላይ በጃንዋሪ 2025 የተከፈተው የቪልዥዊፍ-ጉስታቭ ሩሲ ጣቢያ ለብቻው ሊጎበኝ የሚገባው ነው። አርክቴክቱ ዶሚኒክ ፔሮ 50 ሜትር ያህል የሚጠልቀውን ጣቢያ እንደ ሰፊ የውኃ ጉድጓድ ክብ አድርጎ፣ መሀሉን ባዶ ትቶታል። ተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ተሻግረው ይወርዳሉ፤ ከላይ ያለው ጣሪያ ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ታች ደርሰው ቀና ቢሉ ሰማዩን ያያሉ። መሬት ውስጥ የገቡ አይመስልዎትም።

በክፍያው በኩል ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የተደረገው ለውጥ በመሠረቱ ፍትሐዊ ነው። በክልሉ ውስጥ የሜትሮና የባቡር ቲኬት በርቀት መለያየቱ ቀርቶ ያኔ አንድ ወጥ 2.50 ዩሮ ሲሆን፣ በመሀል ከተማ አጭር ጉዞ የሚያደርገው ሰው ጥቂት ጨመረበት፤ ከሩቅ የሚመጣው ደግሞ ቀለለለት። የአውሮፕላን ማረፊያ ቲኬት ግን በዚያ ዓመት ለብቻው 13 ዩሮ ተተምኖ ነበር። የማይዋጥልኝ የሜትሮው ቲኬት አውቶቡስ ላይ አለመሥራቱ ነው፤ ከሜትሮ ወርዶ አውቶቡስ የሚይዘው በአብዛኛው የዳርቻው ሰው ነውና።

ወደ ማስፋፊያው ስንመጣ፣ ግራንድ ፓሪስ ኤክስፕረስ የተባለው ፕሮጀክት 200 ኪሎ ሜትር አዲስ ሐዲድና 68 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 የተቆጠሩትን አራት ያለ ሾፌር የሚሄዱ መስመሮች ይጨምራል። ዋናው 75 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውና ፓሪስን ሳይነካ የሚዞራት 15ኛው የቀለበት መስመር ነው፤ የክሬቴዩን ሰው በቀጥታ ቪልዥዊፍ የሚያደርሰውም እሱ ነው። 16ኛው መስመር ደግሞ ለረጅም ጊዜ አንድም የባቡር ጣቢያ ያልነበራቸውን ክሊሺ-ሱ-ቧንና ሞንፌርሜይን ስለሚያገናኝ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው ባይ ነኝ።

በ17ኛው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። በጎኔስ የእርሻ ማሳ መካከል የታቀደው ጣቢያ ዋና ምክንያቱ ኤሮፓሲቲ የተባለ ግዙፍ የገበያና የመዝናኛ ማእከል ነበር፤ ማእከሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሰረዘ፣ ጣቢያው ግን ከዕቅዱ አልወጣም። ከ35 ቢሊዮን ዩሮ በላይ በሚፈጅ ፕሮጀክት ውስጥ፣ ነዋሪ በሌለበት ማሳ ላይ ጣቢያ ማቆም ቅደም ተከተሉን የሳተ ውሳኔ ይመስለኛል።

ቀጠሮውም ተንሸራቷል። ከፖን ደ ሴቭር እስከ ኑዋዚ-ሻን የሚደርሰው የ15ኛው መስመር ደቡባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዕቅድ በ2020 ሊከፈት ነበር፤ አሁን የተያዘለት ዓመት 2027 ነው። የጣቢያዎቹ ጥራት እንደ ቪልዥዊፉ ከሆነ መዘግየቱን ይቅር ለማለት ዝግጁ ነኝ። የክሬቴዩ ተሳፋሪ ግን እስከዚያው ድረስ ወይ አውቶቡሱን ይጠብቃል፣ ወይ በፓሪስ በኩል ዞሮ ይሄዳል።